በሃያ ሰባት ቁጥር ማህተም ሥር ለበየድኩባቸው ዓመታት የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የብረታ ብረትና የብየዳ ባለሙያዎች ማኅበር ሊቀመንበር

ግልባጭ፦ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፣ ለፈተና ኮሚቴው፣ ሦስት ወንድሞቻችን ለሚመሩት የሴቶች ጉዳይ ክፍል፣ እንዲሁም ማንበብ ለሚችል ሁሉ

የደብዳቤው ቁጥር፦ የለውም፤ ለረዳት ቁጥር አይሰጥምና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ ተሻለዎ ወይ? ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሴቶች እኩልነት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ሲናገሩ መሐል ላይ ወገብዎን ይዘው ሲያቃስቱ አይቼ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ከዚያ በፊት ጉዳዩን አንስተው ስለማያውቁ እንግዳ ሸክም ሆኖብዎት ይሆናል ብዬም ተጽናንቻለሁ። ለውድ ባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። ስለ እኔ ከጠየቁ ደህና ነኝ። ዓይኔ ብልጭታ፣ ጆሮዬም የብረት መሞረጃው የግራይንደር ጩኸት የለመደ ስለሆነ የላካችሁልኝን ደብዳቤ ሳነብ አልደነገጥኩም። 

ደብዳቤው የደረሰኝ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በከተማችን የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ የተከልነው የእንፋሎት ቦይለር በተመረቀ በአሥራ ሰባተኛው ቀን አንድ የብየዳ መስመር ተከፍቶ አንዲት አጣቢ ስላቃጠለ፣ መስመሩን የበየድኩት እኔ መሆኔም «በማጣራት ስለተረጋገጠ»፣ እስከ ዓርብ ድረስ ጥፋቴን ዘርዝሬ የጽሑፍ ይቅርታ እንዳቀርብ፣ ካላቀረብኩ ግን ከማኅበሩ መዝገብ እንደምሰረዝ ይገልጻል። በዚህ ከተማ ወርክሾፕ ሁሉ የሚቀጥረው ከእናንተ መዝገብ ላይ እየመረጠ ስለሆነ፣ ከመዝገቡ የተሰረዘ ሰው ዳግመኛ የብየዳ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ የምንለውን፣ እንደማይጨብጥ እርስዎም እኔም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ከብየዳ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ቤቴ ውስጥ ያሉት አሮጊት እናቴና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄም ከእኔ ሌላ ሰው የላቸውም። እንግዲህ ዓርብ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ደብዳቤያችሁን በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው ስላደረጋችሁ፣ መልሱን ለብቻዎ በጆሮዎ ሹክ ማለት ነውር መስሎ ስለታየኝ እኔም በአደባባይ ጽፌዋለሁ። ዘርዝሪ ብላችኋልና እነሆ እዘረዝራለሁ።

፩. ግራኝ ሆኜ መወለዴ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ማኅበሩ ዘንድ ልመዘገብ ስመጣ፣ መዝጋቢው ብዕሩን በግራ እጄ ስቀበለው አይቶ «ሴትም ሆነሽ ግራኝም ሆነሽ? አንዱን ብትመርጪ ምን ነበረበት!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አደባልቆት ነበር። አዲስ ገቢ ስለነበርኩ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ሳቅ ለብቻው ይቅርታ ያስፈልገዋል፤ እጠይቃለሁም፣ ግን ራሴን ነው የምጠይቀው።

፪. ሦስት ጊዜ ለመፈተን መድፈሬ።

ከሙያው ውጭ ላለ ሰው እንዲገባው ያህል፦ በእኛ ማኅበር ፈተና ያለፈ በያጅ ቁጥር የተቀረጸባት፣ አውራ ጣት የምታህል የብረት ማህተም ይሰጠዋል። አንድ መስመር በየዶ በጨረሰ ቁጥር ማህተሟን ከመስመሩ ጫፍ አጠገብ አስደግፎ በመዶሻ ይመታታል። ከሃያ ዓመት በኋላ ታንከር ቢያፈስ፣ መሰላል ቢሰበር፣ ቁጥሩ ይታይና ባለቤቱ ይጠራል። ሠርቶ መካድ እንዳይኖር የወጣ ግሩም ደንብ ነው፤ ያወጡትን አባቶች ነፍሳቸውን ይማር። ማህተም ያላገኘ ሰው ረዳት ይባላል፤ ረዳት በበየደው መስመር ላይ የሚመታው የፎርማኑ ማህተም ነው። ረዳትነት ለወንድ ሁለት ዓመት ነው። ለሴት ስንት እንደሆነ ግን የተጻፈ ነገር ስለሌለ በልምድ እየተመራን ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ላይ ደርሻለሁ፣ ከእኔ በፊት የገባች አንዲት ታላቅ እህታችን ደግሞ ረዳት እንደሆነች ጡረታ ወጥታለች።

መጀመሪያ ለፈተና ስቀርብ መጠየቂያው ቅጽ ላይ «አቶ» የሚለው ቃል አስቀድሞ የታተመ በመሆኑ፣ «ወይዘሮ» የሚል ቅጽ ታትሞ እስኪመጣ እንድታገሥ በትሕትና ተነገረኝ። ማተሚያ ቤቱ ጥንቁቅ መሆን አለበት፤ ያቺን አንዲት ቃል በትክክል ለማውጣት እስከ ዛሬ እየደከመ ነው። ሁለተኛ ጊዜ «አቶ»ን በብዕር ሰርዤ አስገባሁ፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም ተብሎ ተመለሰልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ግን ምንም ሳልነካ አቶ ሆኜ ቀረብኩ፣ አቶ ሆኜም ተፈተንኩ። ለዚህ ማጭበርበር ይቅርታ።

ፈተናው ሁለት ብረት አገጣጥሞ መበየድና የተበየደውን በማጠፊያ ማሽን ማጠፍ ነው፤ መስመሩ ከተሰነጠቀ ተፈታኙ ወደቀ፣ ካልተሰነጠቀ አለፈ። የእኔን አጠፉት፤ አልተሰነጠቀም። እርስ በርስ ተያዩና ወደ ሌላው ጎን አጠፉት፤ አልተሰነጠቀም። ከእኔ በፊት ለተፈተኑት ስድስት ወንዶች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለታጠፈ እኔ ላይ ይህን ያህል መድከማቸው አስደስቶኝ ነበር፤ አክብሮት መስሎኝ። በአምስተኛው እጥፋት ራሱ ብረቱ፣ ከመስመሬ ሁለት ጣት ያህል ርቆ፣ ካልነካሁት ቦታ ላይ ቀንጠስ አለ። ኮሚቴው «ናሙናው ተሰብሯል፤ ተፈታኟ አላለፈችም» ብሎ ጻፈ። መስመሩማ ደህና ነው ብዬ በጣቴ ባሳይ አንደኛው ፈታኝ «ብረት መምረጥም የሙያው አካል ነው» አሉኝ። ብረቱን ያቀረቡልኝ እርሳቸው ናቸው።

፫. ጓንት መጠየቄ።

የሚታደለን ጓንት ለወንድ እጅ የተሰፋ ስለሆነ ጣታችን ውስጡ እየዋኘ ኤሌክትሮድ መያዣውን መጨበጥ እንዳስቸገረን፣ ፍንጣሪም እየገባ አንጓችንን እንደሚጠብሰን ገልጸን፣ አርባ አንድ ሴቶች ፈርመን በልካችን እንዲገዛልን ለሴቶች ጉዳይ ክፍል አመለከትን። ሦስቱ ወንድሞቻችን ለአራት ወር መከሩበት። በሴቶች ቀን አዳራሽ ጠርተው፣ ንግግር አድርገው፣ አበባ የታተመበት የድስት ማውጫ ጓንት አደሉን። በልካችን ነበር፤ ይህን አልክድም።

፬. እጀ ወርቁን እጀ ወርቅ ማድረጌ።

ፎርማኔ የሃያ ሰባት ቁጥር ማህተም ባለቤት ነው። ከተማው የሚያውቀው እጀ ወርቁ በሚለው ቅጽል ሲሆን፣ ቅጽሉ የወጣለት እኔ ሥሩ ከገባሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ምን ይሉት እንደነበር የቀድሞ ደንበኞቹ ያስታውሳሉ፣ እኔ ግን አሳዳጊ የበደለኝ ሰው ስላልሆንኩ አልጽፈውም።

አሠራራችን ቀላል ነበር። እኔ ጠዋት ጭምብሌን አጥልቄ ተንበርክኬ እበይዳለሁ። መስመሩ ሲያልቅ ቅርፊቱን አራግፌ፣ በሽቦ ብሩሽ ወልውዬ፣ «ማህተም!» ብዬ እጣራለሁ። እሱ ከጥላው ሥር ይነሣል፣ ሱሪውን ያራግፋል፣ መዶሻውን አንጠልጥሎ ይመጣና ብረቱ ሳይቀዘቅዝ ሃያ ሰባትን በአንድ ምት ያሳርፋታል። ሁለተኛ መምታት አያስፈልገውም፤ በዚህ በኩል እጁ በእርግጥ ወርቅ ነው። የዳቦ ቤቱ የነዳጅ ታንከር፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ መደገፊያ፣ ከገበያው ጀርባ ያለው የእግረኛ መሸጋገሪያ፣ ሁሉም ላይ ሃያ ሰባት አለ። ሰው «ሃያ ሰባት ካለበት ተኝተህ እደር» ማለት ጀመረ። ማኅበሩም ይህንኑ ሰምቶ ባለፈው ዓመት የምስጉን ባለሙያ ሽልማት ሰጠው፤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ እኔም አልተረሳሁም፣ ሻይ አዞርኩ።

ለምን ዝም አልሽ ካሉኝ እዚህ ላይ ሳላሾፍ እመልሳለሁ። ዝም ያልኩት የማስተዳድረው ቤት ስለነበረኝ ነው። ደግሞም ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ቀልጦ የሚፈሰውን ብረት ከጭምብሉ ጀርባ እየተከተልኩ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣልኝ፣ ማን ማህተም ይመታበታል የሚለው ነገር ይረሳኛል። አንድ ቀን ልጄን በዚያ መሸጋገሪያ ላይ ሳሻግራት «ይሄን የሠራችው እናትሽ ናት» አልኳት። ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየችና «ታዲያ ሃያ ሰባት አንቺ ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን ልበላት? የሌላ ሰው ቁጥር የእኔ ነው ብዬ ለገዛ ልጄ የዋሸሁት ያኔ ነው፤ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ የሚከነክነኝ ጥፋትም ይኸው ነው።

፭. ማስጠንቀቄ።

ወደ ቦይለሩ ደረስን። ያንን ቦይለር ስድስት ሳምንት ሙሉ የበየድኩት እኔ ነኝ፤ ከፊት ለፊቱ ያለው አንድ ክንድ የሚሆን አግድም መስመር ብቻ ሲቀር ሥራው እንዲቆም ታዘዘ። ለካስ ያቺ መስመር በምረቃው ዕለት፣ በእንግዶችና በፎቶ አንሺዎች ፊት፣ በእጀ ወርቁ በራሱ እጅ ልትበየድ ታስቦ ኖሯል። እርስዎ ሪባን ሲቆርጡ እሱ ደግሞ ሊበይድ። ሐሳቡ የእርስዎ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ያማረ ሐሳብ ነው።

በገዛ እጁ ከበየደ ስድስት ዓመት ያህል ቢያልፈውም እንግዶች ፊት አላፈረም። አዲስ ቱታ ለብሶ መጣ። ብረቱ ላይ ያለውን ቀለም ልፋቅልህ ስለው ጊዜ የለም አለ። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ነክቶታል ስለው ዝም በይ አለ። ፎቶ አንሺው ፊትህ አይታይም ሲለው ጭምብሉን ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በየደ። እኔ እዚያው አጠገቡ ኬብል ይዤ ቆሜ ነበር። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ አየሁትና በጆሮው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልያዘም፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ልድገመው» አልኩት። እሱ ግን ለእንግዶቹ በሚሰማ ድምፅ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል!» ብሎ ሃያ ሰባትን አሳረፈባት። ተጨበጨበ። ተረቱን ያወጣው ሰው ፎርማን ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ዘንድ ቃል በቃል የሥራ መመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ በውሃ ግፊት ሊፈተን የሚገባው ቦይለር፣ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ በሚል ሳይፈተን ተለኮሰ። ምሳው እንዳልቀዘቀዘ አረጋግጣለሁ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን መስመሩ ተከፈተ። ከፊት ለፊቱ የነበረችው አጣቢ ቀኝ ክንዷን ከክርኗ እስከ ጣቶቿ ጫፍ እንፋሎት ገሽልጦታል። ይህች ሴት በሁለት እጆቿ የምትተዳደር፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ስለ ማህተማችንም ሆነ ስለ ጉባኤያችን ሰምታ የማታውቅ ሰው ናት። ሄጄ ጠየቅኳት። እናንተም ከእኔ ቀድማችሁ እንደሄዳችሁ ነገረችኝ፤ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዛችሁ። ቅርጫቱን ካስቀመጣችሁ በኋላ «አደጋው የደረሰው በረዳቷ ስህተት መሆኑን አምኛለሁ» የሚል ወረቀት አውጥታችሁ ጣቷን እንድታሳርፍ ጠየቃችኋት። የቀኝ አውራ ጣቷ በፋሻ ስለተጠቀለለ የግራውን ቀለም ነክራችሁ አሳተማችኋት።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህች አንቀጽ የሚሆን ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ተጸይፌያችኋለሁ።

፮. ዓይን ያለኝ መሆኔ።

አጣሪ ኮሚቴው አምስት ቀን እንደሠራና መስመሩን የበየድኩት እኔ መሆኔን እንዳረጋገጠ ጽፋችኋል። አሥራ አንድ ዓመት በበየድኩት መስመር ሁሉ ላይ ሃያ ሰባት ሲመታ መኖሩን ጠርጥሮ ለማያውቅ ማኅበር፣ አንድ መስመር በተከፈተ ማግሥት ሃያ ሰባት ሲመታ በያጇ ሌላ ሰው እንደነበረች መገለጡ ተአምር ነው። ጠዋት ሙሉ የማኅበሩን መዝገብ ሳገላብጥ፣ እኔ በያጅ ተብዬ የተጻፍኩበት ብቸኛው ገጽ ይህ የምርመራ ውሳኔ ሆኖ አገኘሁት። ያልበየድኩትን በበየድኩ ቀን በያጅ ሆንኩ። ምስጋናዬን ይቀበሉልኝ።

አሁን ስለ ግራ እጄ ልናገር። የብየዳ መስመር እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ የሚሄድ ነገር ነው። ቅርፊቱ ወደየት እንደተደራረበ ያየ ሰው፣ የበያጁ እጅ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ ያውቃል፤ ያበቃበትም ቦታ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ይቀራል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ከግራ ጀምሮ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እኔ ከቀኝ ጀምሬ ወደ ግራ እሄዳለሁ። በማኅበሩ ውስጥ ግራኝ በያጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ መዝጋቢው ስቆብኝ የመዘገበው ስለሆነ ምስክር አያስፈልገውም።

ረቡዕና ሐሙስ ከሁለት ረዳት እህቶቼ ጋር እየዞርን አየን። ነዳጅ ታንከሩን፣ ደረጃውን፣ መሸጋገሪያውን፣ የቦይለሩንም ሌሎች መስመሮች ሁሉ። ሃያ ሰባት የተመታባቸው አግድም መስመሮች ከቀኝ ወደ ግራ የሄዱ ናቸው፤ አንድ እንኳ አልሳተም። የተከፈተችው መስመር ብቻ፣ እሷ ብቻ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዳለች። ጎድጓዳዋም በቀኝ ጫፍ ላይ አለች፤ እሱ ለፎቶ ፈገግ ያለው እዚያ ጋ ሲደርስ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህ እውነት ግን ማደር እንኳ አላስፈለገውም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ብረቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ውሳኔውን ከፈረሙት ሦስት ሰዎች ሁለቱ የሠላሳ ዓመት በያጆች ናቸው። ሦስተኛው እርስዎ ነዎት፤ በወጣትነትዎ አቻ የማይገኝልዎ በያጅ እንደነበሩ ሽማግሌዎቹ ሲመሰክሩልዎ ሰምቻለሁ። ከተመዘገበ ሁለት ወር ያልሞላው ሰው የሚያነበውን ነገር እናንተ ማንበብ አቃታችሁ ብዬ አላምንም፤ እንዲህ ብዬ ባምን ሙያችሁን መስደብ ይሆንብኛል። ጎንበስ ብላችሁ አይታችኋል። አውቃችኋል። ከዚያ ቀና ብላችሁ ፈርማችኋል። አላዋቂ ቢበድለኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ አልፈው ነበር፤ እናንተ ግን እያወቃችሁ ስላደረጋችሁት ሆድ አይፈጀውም። አንድ ሰው ለማዳን አልነበረም፤ አንድ ሽልማት ለማዳን ነው። የሰጣችሁትን ዋንጫ መልሳችሁ ከመውሰድ እኔን ከነልጄና ከነእናቴ መዝገብ ላይ መፋቅ ቀለለላችሁ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የናቃችሁን በዝምታችን መሆኑን አውቃለሁ፤ የእኛ የሴቶቹም ድርሻ እዚህ ላይ አለበት። ወንዶቹ ባልደረቦቼም ቢሆኑ ግማሾቹ ነገሩን ያውቃሉ፤ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን መታ አድርገው «አይዞሽ» ይሉኛል፣ ግራ ቀኝ አይተው። ለአይዞሽ አመሰግናለሁ፤ ጉባኤ ላይ እጃችሁን ብታወጡልኝ ደግሞ የበለጠ እበረታ ነበር።

፯. ይቅርታ የምጠይቀውን ሰው መሳሳቴ።

ይቅርታ አልጠየቅኩም ማለት አይደለም፤ ጠይቄያለሁ። ከአጣቢዋ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ «ልድገመው ብዬ አንድ ጊዜ ከመናገር፣ ኤሌክትሮዱን ከእጁ መቀማት ነበረብኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። እሷም «እህቴ፣ እኔ ስለ ማህተሙ አላውቅም። የማውቀው እንፋሎቱን ነው። አንቺማ መጣሽ። የሠራው ሰውዬ ለምንድነው የማይመጣው?» አለችኝ። ጥያቄዋን ለመመለስ ሥልጣን ስለሌለኝ ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ። አድራሻዋን የፍራፍሬ ቅርጫቱን የተሸከመው ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ዓርብ የምትጠብቁት ወረቀት ይኸው ነው። በውስጡ ለተከፈተችው መስመር የቀረበ ይቅርታ ቢፈልጉ አያገኙም፤ ቢሰርዙኝም አላስገባበትም። ልጄ «ታዲያ አንቺ ነሽ?» ብላ ሁለተኛ ብትጠይቀኝ፣ በዚህኛው ጊዜ እውነቱን ልመልስላት እፈልጋለሁ። መሰረዜን ከወሰናችሁ ስርዝ ድልዝ እንዳይሆን በጥንቃቄ ሰርዙኝ፤ ለቅጽ ንጽሕና ያላችሁን ፍቅር አውቃለሁ።

ከመሰናበቴ በፊት ግን አንድ ደስ የሚል ዜና አለኝ። ያጠፋሁት ደንብ ካለ ብዬ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከእህቶቼ ጋር አንብበነዋል። ደንቡ «ረዳት ማለት ለባለ ማህተሙ ዕቃ የሚያቀብል፣ የሥራ ቦታ የሚያጸዳና ኬብል የሚሸከም ነው» ይላል። ይበይዳል አይልም። አንድም ቦታ አይልም። አሥራ አንድ ዓመት ደንብ ስንጥስ ኖረናል ማለት ነው፤ ሐፍረታችንን የሚገልጽ ቃል የለም። ስለዚህ ጓንቱን የጠየቅነው አርባ አንዳችን ከሰኞ ጀምሮ ደንቡን አክብረን ለመሥራት በአንድ ድምፅ ተስማምተናል። ዕቃ እናቀብላለን። እናጸዳለን። ኬብል እንሸከማለን። ማህተም ያለው ሁሉ ደግሞ ማህተሙን የሚመታበትን መስመር ራሱ ይበይዳል። ለአዲሱ ሆስፒታል በወሩ መጨረሻ እናስረክባለን ብላችሁ የፈረማችሁባቸው አሥራ ስድስት የእንፋሎት ቱቦዎች እየጠበቁ ናቸው፤ አሥራ ስድስቱም እያንዳንዳቸው በውሃ ግፊት ይፈተናሉ፣ በዚህኛው ሥራ ላይ ምሳ የሚጠብቅ እንግዳ የለም። ባለ ማህተም ወንድሞቻችን ጉልበታቸውን ከወዲሁ እንዲያፍታቱ ይንገሩልኝ። መንበርከክ ካልለመዱት ያማል።

ለደብዳቤዬ መርዘም፣ ለቃሌ መክረር፣ ለወገብዎ ሕመም መጨመርም ምክንያት ሆኜ ከሆነ ክቡርነትዎ በለመዱት ትዕግሥት እንዲያልፉኝ፣ ሽልማት ሰጪ እጅዎና ፈራሚ ብዕርዎም ለብዙ ዘመን እንዲሰነብቱልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምሰናበትዎ፣

ለጊዜው በመዝገብዎ ውስጥ ያለሁት ግራኟ ረዳት ነኝ።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላስረክብ ቢሮዎ ስመጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከወንበርዎ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለውን አዲሱን የውሃ ታንከር ቀና ብዬ አየሁት፤ እጀ ወርቁ ከቦይለሩ ምረቃ በኋላ በግል ስጦታነት በገዛ እጁ በይዶ ያበረከተልዎት መሆኑ ጎኑ ላይ ተጽፏል። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ የሄደ ሲሆን ሥሩ ውሃ ማላብ ጀምሯል። ልጠግነው ዳድቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ረዳት የባለ ማህተምን መስመር እንዳትነካ ደንቡ ስለሚከለክል እጄን ሰብስቤያለሁ። ከታንከሩ ሥር የነበረውን የጸሐፊዎን ጠረጴዛ ግን እሷና እኔ ተጋግዘን ወደ ኮሪደሩ አውጥተነዋል።